የሹማን «አልበም ለልጆች»፦ 43ቱንም በተራ ነው ወይስ እየመረጡ?

እናት_ከአያት፦

ሰላም ለቤቱ። እዚህ የሙዚቃ ሰዎች እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው የመጣሁት። ልጄ 9 ዓመቷ ነው። ፒያኖ ከጀመረች ቆየት ብላለች፤ የጀማሪውን መጽሐፍ ጨርሳለች። ሁለት እጅ አንድ ላይ ትጫወታለች፣ ኖታ ታነባለች፣ አንድ ሻርፕ ወይ አንድ ፍላት ቢመጣባት አትደናገጥም። አሁን አስተማሪዋ የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የሮበርት ሹማንን «አልበም ለልጆች» አዘጋጁ አለን። ከኢንተርኔት አውርጄ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት አስጠርዤ ይዤ ገባሁ።

ገልጬ ሳየው ነው ግራ የገባኝ። መጀመሪያው ላይ ኖታው ሳሳ ያለ ነው፤ ልጅ ይችለዋል። ወደ ኋላ ስሄድ ግን ገጹ ሁሉ በኖታ ጠቁሯል። ብዛቱ ደግሞ 43! ከ1 ጀምሮ በተራ ነው የሚኬደው? ቤት ያለን ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ነው፤ ይበቃል? እኔ ራሴ ኖታ አላነብም። አስተማሪዋ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነው፤ በቀረው ቀን እኔና እሷ ብቻ ነን። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ምን ብዬ ልርዳት?

ግራ_እጅ፦

እህቴ፣ እኔ ልጆች ነው የማስተምረው፤ ይሄ መጽሐፍ ከፒያኖዬ ላይ ወርዶ አያውቅም። በተራ አይኬድም።

ሹማን ራሱ መጽሐፉን ለሁለት ከፍሎታል። ከ1 እስከ 18 ያሉት ለትናንሾቹ ናቸው፣ ከ19 እስከ 43 ያሉት ከፍ ላሉት። ስለዚህ ያ ያስደነገጠሽ የጠቆረ ገጽ ገና አይመለከታችሁም። በ18ቱም ውስጥ ቢሆን ቁጥሩ የክብደት ደረጃ አይደለም። እንዲያውም ቁጥር 1፣ «ዜማ» የሚለው፣ ያታልላል። ሲ ሜጀር ነው፤ ሲያዩት የሚያስፈራ ነገር የለውም። ቀኝ እጅ ረጋ ብሎ ያዜማል፣ ግራ እጅ ከሥር ሳያቋርጥ በእጥፍ ይሄዳል። ልጆች ኖታውን ቶሎ ይይዙታል። ግን ግራው ይጮህና ዜማውን ይውጠዋል። አንዱን እጅ ዝቅ፣ ሌላውን ከፍ አድርጎ መጫወት ለ9 ዓመት ልጅ ቀላል ሥራ እንዳይመስልሽ።

እኔ በቁጥር 2 ነው የማስጀምረው፣ በ«ወታደሮች ማርሽ»። ሁለቱ እጆች አብረው ይረግጣሉ። አጭር ነው፣ ቆረጥ ቆረጥ ያለ፤ እረፍቶቹን በትክክል መቁጠር ያስለምዳል። ልጁም በጥቂት ቀን ውስጥ «ሙዚቃ ተጫወትኩ» ይላል። ይሄ ስሜት ዋጋ አለው።

ቀጥሎ ቁጥር 8፣ «ጋላቢው ፈረሰኛ»። የሹማንን ብልሃት እዚህ ጋ ታዪዋለሽ። በመጀመሪያ ዜማውን ቀኝ እጅ ይዞ ይጋልባል፤ ኤ ማይነር ነው። መሃል ላይ ያው ዜማ ወደ ግራ እጅ ይወርዳል፤ ኤፍ ሜጀር ይሆናል፤ ቀኙ ደግሞ አጃቢ ይሆናል። ከዚያ ወደ ቀኝ ይመለሳል። ግራ እጇ የሚሰንፍባት ልጅ ሳታውቀው እጇ ይፈታል። ለዚህ ተብሎ የተጻፈ መልመጃ ብትሰጫት ግን ታኮርፋለች።

ይሄ ከገባት ቁጥር 10 አለላት፣ «ደስተኛው ገበሬ»። ዜማው ከመጀመሪያዋ ኖታ ጀምሮ ግራ እጅ ላይ ነው። ርዕሱ ሙሉውን ሲነበብ ገበሬው ከሥራ እየተመለሰ እንደሆነ ይናገራል። እኔ ይሄን ሳልነግራቸው አላስጀምራቸውም። ሰውዬው ቀኑን ሙሉ ሲለፋ ውሏል፤ ደስ ብሎታል እንጂ አይሮጥም። ልጆች ሁሉ ሩጫ ውድድር ያደርጉታል፤ ይባስ ብሎ ወላጆች በፍጥነቱ ያጨበጭባሉ!

ስለ ኪቦርዱ፦ ለመጀመሪያዎቹ ይበቃል። ከቁልፍ ብዛት በፊት ሌላ ነገር ፈትሺ። አንዱን ቁልፍ ቀስ ብለሽ ንኪው፣ ቀጥለሽ ጠንከር አድርገሽ ምቺው። ድምፁ ልዩነት ከሌለው ችግር አለ። የዚህ መጽሐፍ ግማሽ ሥራ የትኛው እጅ ይሰማ፣ የትኛው ዝቅ ይበል የሚለው ነውና።

አንቺ ደግሞ ኖታ አያስፈልግሽም። «ዜማው አሁን የትኛው እጅ ላይ ነው?» ብለሽ ጠይቂያት። ከዚያ በአፏ ታዚመው። ያላዜመችውን አትጫወተውም።

ሜትሮኖም፦

ከላይ የተባለውን እደግፋለሁ። ግን እናት ከአያት፣ መጀመሪያ ያስጠረዝሽው ትክክለኛው መጽሐፍ መሆኑን እዪ። ኦፐስ (የሥራ ቁጥር) 68 የሚል መሆን አለበት። ብዙ ወላጅ በስም ተሳስቶ ኦፐስ 15ን፣ «የልጅነት ትዕይንቶች» የሚባለውን ያወርዳል። ያውም የሹማን ነው፣ ስሙም ልጅ ልጅ ይላል። ነገር ግን በ1838 የተጻፈ፣ ትልቅ ሰው ልጅነቱን ወደ ኋላ ዞሮ የሚያይበት ሥራ ነው። 13 ናቸው፤ ለጀማሪ ልጅ አይሆኑም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው።) 43 ካልሽ ግን የያዝሽው ኦፐስ 68 ነው ማለት ነው፤ ተመስገን።

ታሪኩ ደስ ስለሚል ላውጋችሁ። ጊዜው 1848 ነው፤ አውሮፓ በአብዮት የምትታመስበት ዓመት። ሹማንና ሚስቱ ክላራ ድሬስደን ነበሩ። ሴፕቴምበር 1 ቀን የመጀመሪያ ልጃቸው ማሪ 7 ዓመት ሞላት። አባት ለልደቷ ጥቂት አጫጭር ዜማዎች ጽፎ ሰጣት። ከዚያ ማቆም አቃተው፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መጽሐፍ ሆነ። በመጀመሪያ የገና አልበም ሊለው አስቦ ነበር። ሹበርት የሚባል የሐምቡርግ አሳታሚ አወጣው። ሽፋኑን የሠራው የድሬስደኑ ሠዓሊ ሉድቪግ ሪሽተር ነው፤ ውለታውን ሹማን የሪሽተርን ልጅ ሙዚቃ በማስተማር መለሰ። መጽሐፉም በደንብ ተሸጠ። ሌሎች ትልልቅ ሥራዎቹ ያላገኙትን ገበያ ይሄ የልጆች መጽሐፍ አገኘ።

ሌላው ቀርቶ ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ ቻይኮቭስኪ በ1878 የራሱን የልጆች አልበም ሲጽፍ፣ ኦፐስ 39 ማለት ነው፣ 24ቱ ቀላል ሥራዎች በሹማን መንገድ የተጻፉ መሆናቸውን ርዕሱ ላይ አስፍሯል። ለእህቱ ልጅ ለቮሎድያ ነበር የጻፈው። ልጅሽ አሻንጉሊት የምትወድ ከሆነ የቻይኮቭስኪውንም አስቢበት፤ አሻንጉሊቷ ስትታመም፣ ስትቀበር፣ ከዚያ አዲስ ስትመጣ አለው። ቀባሪው ልጅ ነው እንጂ ቀብሩ የምር ቀብር ነው።

በገነኛው፦

ይቅርታ አድርጉልኝና ትንሽ ነገር ልቆስቁስ። የአያት ልጅ የጀርመን ገበሬና የጀርመን ፈረሰኛ ምን ያደርግላታል? ቁጥር 12 ላይ ያለው ክኔኽት ሩፕሬክት በዲሴምበር ከቅዱስ ኒኮላስ ጋር እየዞረ ልጆች የሚያስፈራራ የነሱ ሰው ነው። ለኛ ልጅ ማነው? የኛ ልጆች ፒያኖ ላይ ሲቀመጡ ጆሯቸው በሜጀርና በማይነር ብቻ ይሞላል። በኋላ ባቲና አምባሰል ሲሰሙ እንደ ባዕድ ነው የሚያዩት። እኔ አስተማሪ አይደለሁም፤ በገና ነው የምደረድረው። ግን ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ።

ግራ_እጅ፦

ወንድሜ በገነኛው፣ ስጋትህ እውነት ነው። ግን መጽሐፉን ከልጅቷ እጅ መንጠቅ መፍትሔ አይሆንም። ሹማን ራሱ በኋላ እትም ላይ ለወጣት ሙዚቀኞች የጻፋቸውን ምክሮች ጨምሯል። አንዱ የሕዝብ ዘፈኖችን በትጋት እንዲሰሙ ይመክራል፤ የሚያምር ዜማ የሚገኘው እዚያ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ቀላሉን አሳምሮ መጫወት ከባዱን እንደነገሩ ከመጫወት ይሻላል የሚል ነው። ሁለተኛውን ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ለልጆቹ ሳይሆን ለወላጆቹ።

ተግባር ላይ እንምጣ። እናት ከአያት፣ ልምምድ ሲያልቅ መጨረሻ ላይ ልጅቷ ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ እንድትጫወት ንገሪያት። ጥቁሮቹ ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት ሆነው ነው የተደረደሩት። ከሦስቱ የመጀመሪያው ላይ ተነስታ ወደ ቀኝ አምስቱን በተራ ብትጫወት ሜጀሩ ትዝታ ቅኝት እጇ ላይ አለ። ከሁለቱ ጥቁሮች በቀኝ በኩል ካለው ብትነሳ ደግሞ ማይነሩ ባቲ ይሆናል። ኖታ የለ፣ መጽሐፍ የለ። ጀርመናዊው ገበሬ ካረፈ በኋላ የፈለገችውን ዜማ ትፈልግ። አምባሰልና አንቺሆዬ ግን በጥቁሮቹ ብቻ አይወጡም፤ ነጮቹን መቀላቀል ይጠይቃሉ።

በገነኛው፦

ይሄኛው ተስማምቶኛል። አንዲት ነገር ብቻ፦ ፒያኖው የተቃኘው በራሱ መንገድ ነው። የበገናዬና የክራሬ ድምፅ ከፒያኖው ቁልፍ ጋር ልክ አይገጥምም፤ አንቺሆዬ ላይ በደንብ ይሰማል። ልጅቷ የፒያኖውን ከሰማች በኋላ የእውነተኛውን ክራር ትስማ።

ሜትሮኖም፦

በገነኛው የሚፈልገውን ነገር ለሃንጋሪ ልጆች የሠራላቸው የሙዚቃ ደራሲው ባርቶክ ነው። ድምፅ መቅረጫውን ይዞ በየገጠሩ እየዞረ የገበሬ ዘፈን ሰበሰበ። ከዚያ በ1908 እና በ1909 «ለልጆች» የሚለውን ጻፈ። 85 አጫጭር ሥራዎች ነበሩት፤ መነሻቸው የሃንጋሪና የስሎቫክ የሕዝብ ዜማ ነው። በሕይወቱ መጨረሻ አካባቢ ከልሶ 79 አደረጋቸው። ለትንሽ እጅ ስለተጻፈ ኦክታቭ (ከአንድ ነጭ ቁልፍ እስከ ስምንተኛው) እጅ ዘርግቶ መምታት አይጠይቅም። ባለ አምስት ድምፅ ዜማም ስላለበት የኛ ልጅ ጆሮ ቶሎ ይለምደዋል። ከዚያ «ሚክሮኮስሞስ» አለ፤ 6 ጥራዝ፣ 153 ሥራዎች፣ ከዜሮ ጀምሮ የሚያስተምር። የመጀመሪያ ሁለቱን ጥራዞች ለልጁ ለፔተር ነው ያበረከተው።

እኛም ጋ ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ የሀገር ቤት ዜማ ፒያኖ ላይ አውጥቶ አሳይቶናል። ግን የሱ ሥራዎች የኮንሰርት ናቸው፤ 9 ዓመት ልጅ አትደርስባቸውም። እማሆይ ጽጌማርያምም እንደዚሁ። ኖታው ተጽፎ ቢሰጣት እንኳ ያ እንደ ንግግር የሚዘገይና የሚፈጥን ምት ወረቀት ላይ አይቀመጥም። ከአምስት ጣት ተነስቶ በቅኝቶቻችን ደረጃ በደረጃ የሚወጣ የልጆች መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ቢገኝ ቀድሜ የምገዛው እኔ ነኝ። የያሬድ ትምህርት ቤት ልጆች፣ ሰምታችኋል?

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ነኝ፦

እኔም ልጄን በዚሁ መጽሐፍ አሳልፌያለሁ፤ አሁን ትልቅ ሆኗል። ሙዚቀኛ አይደለሁም። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ቡና እየጠጣሁ የምሰማ እናት ነኝ። አንድ ያስተዋልኩትን ልንገርሽ። መጽሐፉ ውስጥ ዓመቱ ይዞራል። 13 ግንቦትን ይጠራል፣ 15 የጸደይ መዝሙር ነው፣ 18 እና 24 አጨዳና አዝመራ፣ 33 የወይን ለቀማ፣ 38 እና 39 ክረምት፣ 43 ደግሞ በዓመቱ የመጨረሻ ሌሊት የሚዘመር። እዚህ አሜሪካ ወራቱ ስለሚገጥሙልን እንደ ወቅቱ እየመረጥን ነበር። አዲስ አበባ ክረምቱ ሌላ ጊዜ ነው፤ እንደሚመቻችሁ አድርጉት።

ሌላው ደግሞ፣ ልጆች ደስ የሚለውን ብቻ ይወዳሉ ብለሽ አታስቢ። የኔው አጥብቆ የያዘው ቁጥር 16ን ነበር፣ «የመጀመሪያው እጦት»። ኢ ማይነር፣ ቀስ እያለ የሚወርድ ዜማ። መጨረሻው አካባቢ ድንገት ጠንካራ ኮርዶች (አንድ ላይ የሚመቱ ኖታዎች) ይመጣሉ፤ ያዘነ ልጅ በንዴት በር ሲያላጋ ይመስላል። የትምህርት ቤት ጓደኛው ከተማ ለቆ የሄደ ሰሞን ደጋግሞ ይጫወተው ነበር። አስተማሪው ደስ የሚል ነገር አምጣ ሲለው እምቢ አለ። እኔም ዝም አልኩ።

እና እባክሽ፣ ለእንግዳ አታስጫውቺያት። «ነይ እስቲ ለአክስትሽ አሳያት» የሚባለው ነገር ስንቱን ልጅ ከፒያኖ አስኮበለለ!

እናት_ከአያት፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ኪቦርዱን እንዳላችሁኝ ፈተሽኩት፤ ሲነኩትና ሲመቱት ይለያል፣ ተመስገን። ማርሹን ይዛዋለች። «ዜማው የትኛው እጅ ላይ ነው» ስላት መጀመሪያ ዞራ አየችኝ፤ እማዬ ከመቼ ወዲህ ነው ሙዚቃ ያወቀችው የሚል አስተያየት። አሁን ራሷ ትነግረኛለች። ጋላቢውን ፈረሰኛ ደግሞ ከአስተማሪዋ ቀድማ በራሷ ጀምራዋለች። ግራ እጅ ላይ ሲደርስ ፈረሱ ያነክሳል፣ ግን ይሄዳል። ጥቁሮቹን ቁልፎች ከነገርኳት ወዲህ እራት ላይ መጥራት ከባድ ሆኗል። በገነኛው፣ የክራሩን ነገር አልረሳሁትም፤ አጎቷ ቤት አለ።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ቁጥር 21፣ 26 እና 30 ርዕስ የላቸውም፤ ሦስት ኮከብ ብቻ ነው ያለው። ፎቶ ኮፒው በልቶት ነው? ልመልሰው?

ሜትሮኖም፦

ፎቶ ኮፒ ቤቱን አትቆጫቸው፤ ሹማን ራሱ ነው እንደዚያ ያደረገው። ሦስቱንም ያለ ርዕስ፣ በኮከብ ብቻ ተዋቸው። ምን ለማለት እንደሆነ ሰው እስከ ዛሬ ይከራከራል። ለልጅቷ ጥሩ ጨዋታ ይሆናል፤ ስትደርስባቸው ራሷ ስም ታውጣላቸው።

ሌሎችም የተደበቁ ነገሮች አሉ። ቁጥር 28፣ «ትዝታ» ከሚለው ርዕስ ሥር ኖቬምበር 4፣ 1847 የሚል ቀን ታገኛለሽ። የሙዚቃ ደራሲው ሜንደልሶን የሞተበት ቀን ነው፤ የሹማን ጓደኛ ነበር። ቁጥር 41 ደግሞ ለዴንማርካዊው የሙዚቃ ደራሲ ለኒልስ ጋዴ ሰላምታ ነው፤ ዜማው የሚነሳው ጂ፣ ኤ፣ ዲ፣ ኢ ብሎ ስሙን በኖታ ፊደል እየጻፈ ነው። ቁጥር 4 ላይ ያለው ጸጥ ያለ መዝሙር ቁጥር 42 ላይ ተመልሶ ይመጣል፤ ያኔ ግን ዙሪያው በሌሎች ድምፆች ተከቧል። 4ን በደንብ የያዘች ልጅ 42 ላይ ስትደርስ የድሮ ዜማዋን ታገኘዋለች።

ግራ_እጅ፦

ስለ ጣት ቁጥር አንድ ነገር፦ በነፃ የሚወርዱት የድሮ እትሞች ናቸው። ሹማን የሞተው በ1856 ስለሆነ የመብት ጣጣ የለም፤ ግን ከኖታው በላይ የተጻፉትን የጣት ቁጥሮች ብዙ ጊዜ አዘጋጆች ናቸው የጨመሯቸው። ለልጅቷ እጅ ካልተመቹ አስተማሪዋ በእርሳስ ይቀይራቸው። በእስክሪብቶ አይሁን፤ እጇ ገና ያድጋል።

43ቱን ለመጨረስም አትቸኩሉ። ከመጀመሪያዎቹ 18 ስምንት ዘጠኙን አሳምራ ከተጫወተች ይበቃታል። ሌላ መጽሐፍ ጣልቃ አስገቡ፣ የባርቶክም የቻይኮቭስኪም፤ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ክፍል ትመለሳለች። ከፍ ስትል ደግሞ ኦፐስ 118 አለላት። ሹማን በ1853 ለሦስት ሴት ልጆቹ የጻፋቸው ሦስት ሶናታዎች ናቸው፣ ለእያንዳንዷ አንድ አንድ።

አባ_ፔዳል፦

ክሩን ሳነብ ቆይቼ ነው። እኔ 41 ዓመቴ ነው፤ ፒያኖ የጀመርኩት አምና ነው። የልጆች መጽሐፍ ይዤ ብቀመጥ ሚስቴ ትስቅብኛለች። ለትልቅ ሰው ይሆናል? ፔዳልስ ልጠቀም?

ግራ_እጅ፦

ይሆናል ወንድሜ። በኮንሰርት መድረክ ላይ የሚጫወቱት ትልልቅ ፒያኒስቶች ናቸው፤ ባለቤትህ እነሱ ላይም ትሳቅ። ከቁጥር 2 ይልቅ በቁጥር 6 ጀምር፣ «ምስኪኑ የሙት ልጅ»። ዘገም ያለ ስለሆነ ለማሰብ ጊዜ ይሰጥሃል። ፔዳሉን ለጊዜው እርሳው፤ በስምህ አትሸወድ። ድምፁን በጣትህ መያዝ ስትለምድ ያኔ እንነጋገራለን።